በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የጠፋውን መስመር ፍለጋ

ከሰመራ ተነሥቶ በሎጊያ አድርጎ ሚሌ የደረሰና ከሚሌም ወደ ምዕራብ የታጠፈ መንገደኛ፣ የወሎ ተራሮች ግርጌ ከመድረሱ በፊት ጭፍራን ያገኛል። ጭፍራ በአፋር ክልል በአውሲ ረሱ ዞን የምትገኝ የወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ቆላና ደጋ የሚገናኙባት የገበያ ስፍራም ናት። አርብቶ አደሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ የደጋው ገበሬ ደግሞ እህሉን ጭኖ ይመጣባታል። ሙቀቷ ብርቱ ነው። ደቃቁ አቧራም በርና መስኮት ተዘግቶ ሳለ ቢሮ ድረስ ይገባል።

የወረዳ ሥራ በወረቀትና በካርቦን ብቻ ይካሄድ የነበረበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተዘረጋው ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብ፣ በሳተላይት ሳህንም በመሬት መስመርም በመቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የታቀደ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ የተጠቃሚዎችን ስም፣ የሠሩትን ቀንና የሚከፈላቸውን በኮምፒዩተር ማስላትን አመጣ። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ቢሮ ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ማሽን ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ ከምትመጣ እናት የወር ድርሻ ጋር የተያያዘ ነው። ገንዘቡ ወይም እህሉ የሚወጣው ዝርዝሩ ተጣርቶ ሲላክ ነውና።

ሁኔታው በየወረዳው ላለ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ማለዳ ኮምፒዩተሩ ይከፈታል፤ ዝርዝሩም በቦታው አለ። ሆኖም በስክሪኑ ግርጌ ጥግ ላይ የምትታየው የመስመር ምልክት ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቃልም የታወቀ ነው። አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ሌላው «ፎርማት ይደረግ» ይላል።

በዚህ ችግር ላይ ከፎርማት የከፋ መድኃኒት አይገኝም። የክፍያው ዝርዝር ሌላ ቅጂ ከሌለው አብሮ ይጠፋል። ከዚህም በላይ አሮጌ ማሽን ፎርማት ከተደረገ በኋላ ኔትወርክ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አብሮ አይመለስም። ትናንት የተጎዳው ሽቦ ብቻ ከነበረ ዛሬ ሽቦውም ድራይቨሩም ጎድለዋል ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ጭፍራ ድረስ ዘልቆ ነበር። የመንግሥት ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በኅዳር ወር ነው። ጦርነቱ ባለፈባቸው የአፋርና የአማራ ወረዳዎች ብዙ መሥሪያ ቤቶች ንብረታቸው ተዘርፏል፤ ተሰባብሯል። እንዲህ ካለው ጊዜ የተረፈ አሮጌ ኮምፒዩተር «አርጅቷል» ተብሎ በቀላሉ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

ፍለጋው የሚጀመረው ከማሽኑ ጀርባ ነው። ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። አንዳቸውም ካልበሩ ኬብሉ፣ ስዊቹ ወይም ካርዱ ራሱ ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ በዊንዶውስ ውስጥ የኔትወርክ ግንኙነቶች የሚዘረዘሩበትን መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። የሽቦው መስመር በዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ ቀይ ምልክት ካለበት ካርዱ አለ፤ ከወዲያ የሚመጣ ነገር ግን አላገኘም። ግራጫ ሆኖ ከታየ አንድ ሰው አጥፍቶታል፤ በቀኝ ጠቅታ ይከፈታል። ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ከጠፋ ግን ኮምፒዩተሩ ካርዱን አላየውም ማለት ነውና ኬብል ሲለዋውጡ መዋል ድካም ብቻ ነው።

መስመሩ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሥራው ቀላል ነው። በኬብሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው የቆየ ዓይነት መስመር የሚጠቀመው ከስምንቱ በአራቱ ብቻ ነው፤ እነርሱም 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 6ኛው ናቸው። ከአራቱ አንዱ በወንበር እግር ቢቆረጥ ወይም አይጥ ቢበላው መስመሩ ይጠፋል። በሙቀት አገር የመሰኪያው ፕላስቲክ ይደርቅና ቀዳዳው ውስጥ ቆልፋ የምትይዘው ትንሽ ምላስ ትሰበራለች። ኬብሉ የተሰካ ይመስላል እንጂ አልተሰካም። መፈተኛው ከጎን ካለውና ከሚሠራው ኮምፒዩተር ኬብሉን ነቅሎ ማምጣት ነው። በዚያ ኬብል መብራቱ ከበራ ጥፋተኛው ታውቋል። ካልበራ ደግሞ በስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ይሞከራል። ከቢሮ ወደ ቢሮ የተጎተተው ሽቦ ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም መዘንጋት አይገባም። ግቢው ሰፊ ሲሆን ይህ ልክ ሳይታወቅ ይታለፋል።

ካርዱ ከዝርዝሩ ሲጠፋ ነገሩ ጠለቅ ይላል። አንዳንዴ መብራት ሄዶ ሲመጣ የካርዱ ቺፕ ደንዝዞ ይቀራል። ማሽኑን አጥፍቶ፣ የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ማቆየትና ጥቂት አሳርፎ መክፈት ነው። ይህ ተራ ነገር ብዙ ማሽን ከመጣል አድኗል።

ካልተመለሰ ቀጣዩ መፈለጊያ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ የመነሻ ማስተካከያ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ በምትዳከምበት ጊዜ ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል፤ ባዮሱም የነበረበትን ይረሳል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ከሳተ ባትሪዋን ለውጦ፣ የኔትወርክ ካርዱ በባዮስ ውስጥ እንዳልተዘጋ ማየት ነው።

ባዮሱ ደኅና ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር ይከፈታል። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ያልታወቀ ዕቃ ከተገኘ ይህ የምሥራች ነው፤ ካርዱ በሕይወት አለ፣ የጎደለው ድራይቨሩ ነው። የዕቃውን ዝርዝር ገልጦ የሠሪውን መለያ ማንበብ ይቻላል። ለምሳሌ በመለያው መጀመሪያ 8086 የሚል ካለበት ካርዱ የኢንቴል ነው። ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጅ ይሰጣል። ሆኖም ስልክ በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ የራሱን ኢንተርኔት ሊያውስ ይችላል፤ ወይም ድራይቨሩ ከሌላ ማሽን በፍላሽ ይመጣል። ፍላሹ በፀረ ቫይረስ ሳይፈተሽ አይሰካ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም. አቁሟልና።

በዲቫይስ ማናጀር ውስጥም ምንም ካልታየ ካርዱ ሞቷል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ከውጭ በተጎተተ የመዳብ ሽቦ የሚገባ መብረቅ የሚያቃጥለው አስቀድሞ ይህንኑ ክፍል ነው፤ የቀረው ኮምፒዩተር ግን ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የኔትወርክ ማስተላለፊያ ገዝቶ መተካት ይበቃል። ሲገዛ ግን ማሽኑ ላይ ላለው ዊንዶውስ ድራይቨር እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል።

መብራቱ በርቶ፣ ካርዱ ታይቶ፣ አድራሻው በ169.254 የሚጀምር የሚሆንበት ጊዜም አለ። ይህ ማሽኑ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሌሎቹም ማሽኖች እንዲሁ ከሆኑ መሄድ የሚገባው ወደ ራውተሩ ነው፤ ምናልባትም ሶኬቱን ነቅሎ ስልኩን ቻርጅ ያደረገ ሰው ይኖራል።

ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ፍለጋ ነው። ዝርዝሩ ግን ፍለጋውን አይጠብቅም። ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል። አንዱ ፈርሞ በተረከበው ሰው መሳቢያ ይቆለፋል፤ ሁለተኛው ማለዳ በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ በሚወጣው መኪና በሠራተኛ እጅ ይላካል።