የመኪና መሪ በድንገት ሲከብድ

(በራዲዮ ከተነገረው)



ባለፈው ክረምት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አሳፍሮ ወደ ግቢው ሲታጠፍ የመኪናው መሪ ድንጋይ ሆነበትና ከአጥሩ ጋር ሊላተም አንድ ክንድ ሲቀረው በጭንቅ ቆመ። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስደው የመሪው ዘንግ ከነሞተሩ ይለወጥ ተብሎ የብዙ ወር ደመወዙን የሚያህል ዋጋ ተጠየቀ። እርሱም ገንዘቡን ከመበደሩ በፊት ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ፈለገ። በዛሬው ንግግሬ ይህን የመሰለ ብልሽት በምን ሥርዓት እንደሚመረመር ላስረዳ አስቤአለሁ።

ቀድሞ መሪን የሚያቀልለው ኃይል በሞተሩ ጉልበት ከሚገፋ ዘይት የሚገኝ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ሱዙኪ ሰርቮ በምትባል ትንሽ መኪና ላይ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ወጣ፤ ዛሬ በከተማችን የሚታዩት ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው። መሪውን ስናዞር በዘንጉ ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት በጥቂቱ ትጠመዘዛለች፤ የመጠምዘዟን ልክ አንድ መለኪያ ለመቆጣጠሪያው ሣጥን ያስታውቃል፤ ሣጥኑም የመኪናውን ፍጥነት አገናዝቦ የመሪውን ሞተር ያዝዛል። መኪናው ቆሞ ጎማው እስከ መጨረሻው ሲዞር ይህ ሞተር ከባትሪው ብዙ አሥር አምፔር ይስባል። እንግዲህ መብራትና ራዲዮ ከቁም ነገር በማይቆጥሩት የኤሌክትሪክ ጉድለት መሪው ይታወካል። ሣጥኑ አንድ የሚያጠራጥር ነገር ሲያገኝ እርዳታውን አቋርጦ በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። መሪውና ጎማው በብረት እንደተያያዙ ናቸውና መኪናው መታዘዙን አይተውም፤ ጉልበት ግን ይጠይቃል።

ምርመራው ከባትሪው ይጀመራል። ያረፈ ደኅና ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይደርሳል። ከዚህ ካነሰ ሐኪሙ የሚፈለገው ለዲናሞው እንጂ ለመሪው አይደለም። ቀጥሎ የመሪው ትልቅ ፊውዝ በዓይን ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፉ ይለካል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራ በፈታ ሽቦ ላይ ቴስተር ቢያኖሩ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ዝገቱም ይሰወራል። ስለዚህ ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር፥ ሌላው የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፥ ሁለተኛውን የመሪው ሣጥን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር በሚታሰርበት ላይ ያኑር። ቁጥሩ ከግማሽ ቮልት ካለፈ መንገዱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ በሣጥኑ ውስጥ የተመዘገበው የብልሽት ቁጥር በኮምፒዩተር ይነበባል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የመጠምዘዣውን መለኪያ ቢወቅስ፥ ጥፋቱ በመለኪያው ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው ሽቦ ሊሆን ይችላልና ሶኬቱ ሳይታይ ዕቃ አይገዛ። በጠባብ ስፍራ ደጋግሞ ከማዞር የተነሣ ግሎ የከበደ መሪ ግን ሲበርድ ይመለሳል፤ ይህ ሣጥኑ ሞተሩን ከመቃጠል የሚያድንበት ዘዴ ነው። ደግሞም በመሪው ውስጥ የአደጋ መከላከያ ከረጢት ስላለ ማንም በግምት ሽቦውን አይነካካ።

በባልደረባዬ መኪና ላይ ቴስተሩ ከ1 ቮልት በላይ አሳየ። ማሠሪያው ተፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ተጠረገ፤ ተመልሶም ሲጠብቅ መሪው በአንድ እጅ ታዘዘ።