ዋርሶ ላይ የሚጀመር ትምህርት፦ የእስራኤል ተማሪዎች የፖላንድ ጉዞ የመጀመሪያ ቀን

እስራኤል ውስጥ የአስራ አንደኛ ወይም የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ «ማሳ ለፖሊን» የሚባለውን ጉዞ ያውቀዋል። ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸውና ከአስጎብኚ ጋር ሆነው አንድ ሳምንት ያህል ፖላንድ ይሰነብታሉ፤ ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይሁዶችን የፈጁባቸውን ቦታዎችም በአካል ያያሉ። ብዙዎቹ ያለ ወላጅ ከአገር ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ጉዞው መልክ የያዘው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ፖላንድ በ1967 ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት ያቋረጠች ሲሆን እስከ 1990 ድረስም አላደሰችም ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ኤምባሲ እስኪከፈት አልጠበቁም። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ወጣቶች ከኦሽዊትዝ እስከ ቢርከናው 3 ኪሎ ሜትር በእግር የሚሄዱበት «የሕያዋን ጉዞ»ም በ1988 ተጀመረ።

የመጀመሪያው ቀን ለብዙ ቡድኖች ዋርሶ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ከቤን ጉሪዮን በሌሊት ይነሳና አራት ሰዓት ያህል በርሮ ያርፋል። እንቅልፍ ያላገኙት ልጆች ባንዲራቸውን ይዘው፣ በቡድን ያሠሩትን አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰው አውቶቡስ ላይ ይወጣሉ። የምግቡ ነገር አስቀድሞ ይታሰብበታል፤ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ፣ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከቤት የተያዘ የቱና ቆርቆሮና ብስኩት ሻንጣውን ይሞላዋል። የጥበቃ ሠራተኛ አብሯቸው ይሄዳል፤ ዕድል ያገኘ ቡድን ደግሞ ከእልቂቱ የተረፈ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይዞ ይጓዛል። እነዚህ ምስክሮች በዕድሜ ምክንያት ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ነው።

ብዙ አስጎብኚዎች ልጆቹን በመጀመሪያ የሚወስዷቸው በኦኮፖቫ መንገድ ወዳለው የአይሁዶች መቃብር ነው። የሞት ካምፕን ሊያይ የመጣ ሰው ለምን ከተራ መቃብር ይጀምራል ቢባል ምክንያት አለው። ከጦርነቱ በፊት ዋርሶ ከኒው ዮርክ ቀጥላ በዓለም ብዙ አይሁዶች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች፤ ከሦስት ነዋሪዋ አንዱ ገደማ አይሁድ ነበር። ያ ሕዝብ እንዴት እንደ ኖረ ያላወቀ ሰው ምን እንደ ጠፋ ሊገባው አይችልም። በ1806 የተከፈተው ይህ መቃብር የዚያ ኑሮ መዝገብ ነው።

መዝገቡን ማንበብ ደግሞ ዕብራይስጥ ብቻ አይጠይቅም። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች ራሳቸው ይናገራሉ። ለቡራኬ የተዘረጉ ሁለት እጆች ካሉ ሟቹ ከካህናት ዘር ነው። ማንቆርቆሪያ ካለ ሌዋዊ ነው። የሻማ መቅረዝ የሴት መቃብር መሆኑን ያሳያል፤ የሰንበትን መብራት የምታበራ እሷ ናትና። የተሰበረ ዛፍ በልጅነት የተቀጨ ሰው ነው፤ የመጻሕፍት ረድፍ የሊቅ ነው። ኤስፔራንቶ የተባለውን ዓለም አቀፍ ቋንቋ የፈጠረው ሉድቪክ ዛመንሆፍና ደራሲው ፔሬትዝ እዚሁ ተቀብረዋል። ከካህናት ወገን የሆኑ ሃይማኖተኛ ልጆች በሕጋቸው መሠረት ወደ መቃብር ስለማይገቡ ከአጥሩ ውጭ ይቆያሉ።

ቀጣዩ ማረፊያ ኡምሽላግፕላትዝ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 1942 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ከ250,000 በላይ ሰዎች ከዚህ የባቡር ጣቢያ ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ተጭነዋል። ሐኪሙና ደራሲው ያኑሽ ኮርቻክ ራሱን ማዳን ሲችል እምቢ ብሎ፣ ከሚያሳድጋቸው 200 ያህል ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የተሳፈረው በዚያ ነሐሴ ነው። በ1988 የተሠራው ነጭ ሐውልት ክፍት የጭነት ፉርጎ ይመስላል። ግድግዳው ላይ የአባት ስም የሌላቸው ከ400 በላይ መጠሪያ ስሞች በፊደል ተራ ተቀርጸዋል። ልጆቹ እዚህ ሲደርሱ የራሳቸውን ወይም የወንድምና የእህታቸውን ስም መፈለግ ይጀምራሉ። የሟቾቹ ቁጥር ለአእምሮ ስለሚከብድ፣ አስጎብኚዎች ለዚህ ፍለጋ በቂ ጊዜ ይተዋሉ።

ከዚያ በእግር ጥቂት ተሂዶ የቀራፂው ናታን ራፖፖርት ሐውልት ይገኛል። በ1943 ሚያዝያ መሣሪያ አንስተው የተዋጉት፣ ናዚዎች አይሁዶችን አጥረው ያጎሩበት የዋርሶ ጌቶ ወጣቶች ከፊት ለፊት፣ እየተነዱ የሚሄዱት ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ሕፃናት ደግሞ ከጀርባው ተቀርጸዋል። የተለበጠበት ድንጋይ ጀርመኖች ለድል ሐውልታቸው ያዘዙት እንደ ነበር ይነገራል።

ማታ ሆቴል ሲገባ ቡድኑ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ቀኑ የሚጠቃለለው በዚህ ውይይት ነው። እልቂቱ በቤተሰቡ ያለፈ ልጅ የአያቱን ታሪክ ያነሳል። ከ160,000 በላይ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ቤት የመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ የቤተሰብ መንገድ አለው፦ ከጎንደርና ከትግራይ በእግር እስከ ሱዳን። በዚያ መንገድና በሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ሰዎች አልቀዋል፤ በየዓመቱም ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሄርዝል ተራራ ይታሰባሉ። ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም፤ አንዱ ታቅዶ የተፈጸመ ግድያ ነው፣ ሌላው የስደት፣ የረሃብና የበሽታ ሞት። ሆኖም የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ መጥራት ለምን እንደሚያስፈልግ ለዚህ ልጅ ማስረዳት አያሻም።

ጉዞው ነቃፊም አያጣም። ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። በጥበቃና በትምህርቱ ይዘት ላይ በተነሳ ክርክር የመንግሥት ጉዞዎች በ2022 ተቋርጠው፣ በ2023 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መንገዱ ተከፍቷል። ፖላንዶች በበኩላቸው ልጆቹ አገራችንን እንደ መቃብር ብቻ ዓይተው ይመለሳሉ፣ ከእኩዮቻቸውም ጋር አይገናኙም ይላሉ።

ለዚህ ወቀሳ ከሁሉ የተሻለው መልስ ከራፖፖርት ሐውልት ፊት ለፊት ቆሟል። የፖሊን ሙዚየም በፖላንድ የነበረውን የአይሁዶች የሺህ ዓመት ኑሮ፣ ገበያውን፣ ምኩራቡን፣ ጋዜጣውንና ቴአትሩን ሳይቀር ያሳያል። የጠበበ ፕሮግራም ያለው መምህር ከመጀመሪያው ቀን የሚቀንሰው ቢፈልግ እጁ ወደዚህ ይሄድ ይሆናል። መቀነስ ካለበት ግን ከሌላ ይቀንስ፤ ይህን ያላየ ተማሪ በማግስቱ ትሬብሊንካ ሲደርስ የሚያውቀው የገዳዮቹን ሥራ ብቻ ይሆናል።