ሚያዝያ 27፦ ልቅሶና እልልታ የተገናኙበት ቀን

ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እስቲ አንድ ጊዜ ገልጠው ይመልከቱ። ሚያዝያ 27 በዓል ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መሥሪያ ቤትም ይዘጋል። ለብዙዎቻችን ልብስ የምናጥብበት፣ ዘመድ የምንጠይቅበት፣ ያልደረስንበትን ለቅሶ የምንደርስበት የዕረፍት ቀን ነው። ልጅዎ «ዛሬ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ «የድል ቀን ነው» ይሉት ይሆናል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ይህ ቀን የድል ቀን ከመሆኑ ከአምስት ዓመት በፊት የሽንፈት ቀን ነበረና።

በሁርሶ በኩል ያለፈው ባቡር

ሁርሶን ብዙ ሰው የሚያውቃት በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ በድሮው የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ሞቃት ቦታ ናት። የአገራችን መራራ ጉዞ አንዱ በዚህ ሐዲድ ላይ አልፏል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሠራዊታችን ማይጨው ላይ ተሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 24፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ። ባቡሩ አዋሽን ተሻግሮ፣ ይህንን የእኛን ቆላ አቋርጦ፣ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ገባ። ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ንጉሥ ያለ ሠራዊት፣ አገር ያለ ንጉሥ ቀረ።

በአዲስ አበባ ዝርፊያና ቃጠሎ ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማርሻል ባዶልዮ ጦሩን አስከትሎ ከተማዋን ያዘ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነት ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ጦርነቱ ማብቃቱን አወጀ። ለጣልያን የፌሽታ ቀን፣ ለኢትዮጵያ የልቅሶ ቀን ሆነ። በቀናት ውስጥ ድሬዳዋም በጠላት እጅ ወደቀች።

በሁለቱ ቀኖች መካከል

ሙሶሊኒ አልቋል ያለው ጦርነት ግን አላለቀም ነበር። አርበኞች በየጫካውና በየተራራው ቀጠሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ጠላትም ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል፤ በኋላ የጻፉ ተመራማሪዎች ከዚያ ያነሰ ቁጥር ቢሰጡም፣ ሁሉም በሺዎች እንደሚቆጠር ይስማማሉ።

እናቶችና እኅቶች በዚህ ዘመን ከዳር አልቆሙም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በውስጥ አርበኝነት ለጫካው መረጃና ጥይት ሲያቀብሉ ተይዘው እስከ ጣልያን ተግዘዋል። ስማቸው ያልተጻፈ ደግሞ ስንት ነበሩ? ስንቅ ያዘጋጁ፣ ቁስል ያጠቡ፣ የባልን መርዶ ሰምተው በማግስቱ ለልጆች እንጀራ የጋገሩ!

እኛ ወንጌላውያንም ከዚያ ዘመን የምንማረው አለ። በ1929 ዓ.ም. የውጭ አገር ሚስዮናውያን ከወላይታ እንዲወጡ ሲገደዱ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። መሪዎቻቸው ቢታሰሩና ቢገረፉም አማኞቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ጸንተው ነበር።

ያው ቀን ተመልሶ መጣ

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቀሉ። አብሯቸው በስሙ ትምህርት ቤት የተሰየመለት እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ነበር። በዚህ በእኛ በኩል ደግሞ ከሶማሌ ምድር የተነሣው የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጦር እየገፋ መጥቶ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ ገባ። ያ ጦር መጋቢት 28 አዲስ አበባን ያዘ። በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

እንግዲህ ዋና ከተማው ነጻ ወጥቷል፤ ንጉሡ ግን ወዲያው አልገቡም። የእንግሊዝ አዛዦች በከተማዋ ለነበሩት በሺዎች የሚቆጠሩ የጣልያን ሲቪሎች በመስጋት መግቢያቸውን አዘገዩት። ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ባዶልዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት በሞላበት ዕለት።

ውድ አንባቢ፣ በዚያን ቀን ከእልልታው ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ያሳሰቡት ነገር ነው። በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልሱ፣ ጠላት ያደረገውን ግፍ እነርሱም እንዳይደግሙት ለመኗቸው። ይህንን ይሰሙ ከነበሩት መካከል በየካቲት 12 አባት፣ ባል፣ ልጅ የቀሙ ነበሩ። የገደሏቸው ወገኖችም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። የተፈራው ጅምላ በቀል ግን አልደረሰም። ለእኔ የሚያዝያ 27 ትልቁ ድል ይህ ነው።

የትኛው ቀን ይከበር?

በዓሉ ራሱ ታሪክ አለው። ደርግ ንጉሡን ከሥልጣን ካወረደ በኋላ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። አዲስ አበባ ከጠላት እጅ የወጣችው በዚያ ቀን ነው የሚል ምክንያት ነበረ፤ ሚያዝያ 27 የንጉሡን መመለስ ስለሚያስታውስም አልተወደደም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዓሉ ወደ ጥንት ቀኑ ተመለሰ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአራት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ አደባባዩም ሚያዝያ 27 ይባላል።

ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ነገር ግን መጋቢት 28 ድሉን ብቻ ያስታውሳል፤ ሚያዝያ 27 የወደቅንበትንም የተነሣንበትንም ይይዛል። ለልጆቻችን የሚጠቅማቸው የትኛው ይመስልዎታል?

ሌሎችስ እንዴት ያከብራሉ?

ሚያዝያ 27 ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ሜይ 5 ላይ ይውላል። የእኛ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን መስከረም በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቢገፋም፣ እነርሱ በፌብሩዋሪ 29 ያካክሱታልና። በዚህ ቀን ሜክሲኮ በ1862 እ.ኤ.አ. ፑዌብላ ላይ ፈረንሳዮችን ያሸነፈችበትን ታከብራለች። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ የሕፃናት ቀን ነው ይላሉ። ዓለም አቀፍ የአዋላጆች ቀንም በዚሁ ቀን ነው።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን የሆላንድ ነው። እነርሱ በ1945 እ.ኤ.አ. ከናዚ ጀርመን ነጻ የወጡበትን ሜይ 5 በደስታ ያከብራሉ። ከዚያ በፊት ግን በዋዜማው ማታ በሁለት ሰዓት አገሩ ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ሙታኑን ያስባል። ልቅሶው ሳይዘለል ደስታው ይመጣል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል። በመጽሐፈ አስቴር የአዳር ወር 13ኛ ቀን አይሁድ እንዲጠፉ በዕጣ የተቆረጠ ቀን ነበር፤ ያው ቀን ተገለበጠና ጠላቶቻቸው ተሸነፉ (አስቴር 9፥1)። በዓሉ ሲደነገግም ለጎረቤት ስጦታ፣ ለድሀ ምጽዋት እንዲሰጥ ታዘዘ እንጂ መብልና መጠጥ ብቻ አልሆነም (9፥22)። አይሁድም እስከ ዛሬ ፉሪምን ሲያከብሩ ቀኑ ለምን ተቆርጦ እንደነበረ ያነብባሉ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

እንደ ሁርሶ ባለ የወታደር መንደር ቀን ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ቤት አባት ከግዳጅ በሰላም የተመለሰበትን ቀን ያከብራል፤ በዚያው ቀን ጎረቤት ቤት ሙት ዓመት ይሆናል። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የልጅ ልደትና የአያት ዕረፍት የሚገጥሙበት አለ። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን አንዱን ደብቀን ሌላውን እናከብራለን። የምናዝነውን «አሁንስ ይብቃ» እንለዋለን፤ ወይም ሐዘን አለ ብለን ሻማውን ለልጁ ሳናበራለት እንቀራለን።

እንግዲህ በመጪው ሚያዝያ 27 እነዚህን ይሞክሩ፦

ከቁርስ በኋላ ልጆችዎን ሰብስበው ሁለቱንም ሚያዝያ 27 ይንገሯቸው። ሽንፈቱን አይዝለሉት፤ መውደቅ መጨረሻ እንዳልሆነ የሚማሩት ከዚያ ነው።

በአካባቢዎ አረጋዊ ካሉ ልጆችዎን ይዘው ሄደው ይጠይቋቸው። በዘመቻው የነበሩት እጅግ ጥቂት ቀርተዋል፤ ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙት ግን ዛሬም አሉ። የሚነግሯችሁን ልጆቹ በደብተር ይጻፉት።

ቀኑ ሐዘን የሚሆንበት ጎረቤት ካለ ከምሳዎ ቆርሰው ይላኩ፤ ቢቻል ራስዎ ይሂዱ። ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ይበቃል።

በመጨረሻም ቂም የያዙበት ሰው ካለ፣ ብዙ ተበድለው ሳሉ እጃቸውን የሰበሰቡትን የ1933ቱን ሰዎች ያስቡ። በቀል የእግዚአብሔር ነው ብለን ማታ ከልጆቻችን ጋር ስንጸልይ፣ የዚያን ሰው ስም እንጨምር። መልካም የድል ቀን ይሁንልዎ።