ተጨማሪ መረጃ፦ የእንጨትና የጭቃ ቤተ መንግሥት እንዴት ይታደሳል?

ከጅማ ከተማ መሃል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። አባ ጅፋር ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ለምኒልክ እየገበሩም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል።

ጥገናውን አስቸጋሪ የሚያደርገው የተሠራበት ነገር ነው። የአክሱምና የላሊበላ ቅርሶች ድንጋይ ናቸው፤ ይህ ቤተ መንግሥት ግን በአብዛኛው እንጨትና ጭቃ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚበዛባት የቡና አገር ናት። ጣራው ካፈሰሰ ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፤ ምርጊቱ ይላላል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ሲጠገን መጀመሪያ የሚታየው ጣራው ነው። ከዚያ የበሰበሰው እንጨት ብቻ ተቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት ይተካል፤ ግድግዳው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። «ሲሚንቶ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይሻልም፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ውስጡን እንጨት ያበሰብሰዋል።

የጭቃ ሕንፃ የማያቋርጥ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ በማሊ የጄኔ ከተማ ነዋሪዎች ታላቁን የጭቃ መስጊዳቸውን በየዓመቱ ነቅለው ወጥተው በጋራ ይመርጉታል፤ እኛ ደቦ የምንለው ዓይነት ሥራ ነው። ተማሪዎች፣ እናንተም ጅሬን ስትሄዱ ቤተ መንግሥቱን በመጠበቅ አግዙ፤ የሰገነቱን ቅርጻ ቅርጽ በዓይናችሁ እዩ እንጂ በእጃችሁ አትነካኩ፤ ስማችሁንም አትጻፉበት።