የ27 ረጅም ቡሶላ ፈልጉ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መንገድ በርበሬና በቆሎ ከሚያመላልሱት አሮጌ የቶዮታ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ብዙዎቹ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍታ ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ጥር 2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና ማሰንበት ግድ ሆኗል።

ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ጠዋት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ መካኒኩም «ፓምፑ ነው» ይላል። ፓምፕ ከማስወረዳችሁ በፊት ኖዝሎቹን እዩ። (የማሞቂያ ካንዴላዎቹ መሥራታቸውንም አረጋግጡ፤ ሲቃጠሉ ተመሳሳይ ጭስ ያመጣሉ።)

ጥፋተኛውን ለመለየት 17 ቁልፍ ይበቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የአንዱን ኖዝል ቱቦ ዳዶ ትንሽ አላሉ። የሞተሩ ድምፅ ከተዛባ ያ ሲሊንደር ደህና ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ችግሩ እዚያ ነው። እጃችሁን ግን አርቁ፤ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭ ናፍታ ቆዳ ይበሳል።

መፍታት ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ኖዝሉ ቴስታታው ላይ እንደ ብሎን የታሰረ ስለሆነ፣ አካሉም ረጅም ስለሆነ፣ አጭር ቡሶላ አይደርስም። በቧንቧ መፍቻ ሲታገሉት ጠርዙ ይላጫል፤ በመሮና በመዶሻ ሲመቱት ደግሞ ኖዝሉ ራሱ ይሞታል። የሚያስፈልገው 27 ረጅም ቡሶላ ነው፣ ያውም ባለ 6 ማዕዘኑ፤ ባለ 12ቱ በዛገ ኖዝል ላይ ይንሸራተታል። ማታ ዙሪያውን የዝገት ዘይት አጠጡት፣ ጠዋት ቀስ ብላችሁ ፍቱ።

ከወጣ በኋላ ጉድጓዱን በባትሪ እዩ። አሮጌዋ የመዳብ ራንዴላ ከሥር ተጣብቃ ቀርታ አዲሷ በላይዋ ከተደረበች ኮምፕሬሽን ያፈሳል፤ ሞተሩ ሲዞር «ትስ ትስ» ይላል። ሁልጊዜ አዲስ ራንዴላ አድርጉ፤ በቶርክ ቁልፍ 64 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቁ። ኖዝሎቹን ግን መሞከሪያ ማሽን ባለው ቤት ሳታስፈትሹ አትመልሱ።

ቡሶላውን ለመግዛት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይጠይቅላችሁ። አሮጌ ኖዝል አስይዙት፤ ሱቁ ውስጥ አልብሶ ይሞክረው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚሸጥበትን ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ ሌላውም ይጠቀምበት።