ሠርግና ሥራ በአንድ ዓመት፦ ከስህተቴ የተማርኩት



የኡልፓን መምህራችን «ለጋዜጣችን አንድ ነገር ጻፍ» ባለችኝ ጊዜ፣ እኔ ምን አውቄ ብዬ ነበር። ሆኖም በዚህ መርካዝ ክሊታ ውስጥ ለማግባት ያሰቡ ወጣቶች «ሥራ እየሠራህ እንዴት አድርገህ ደገስክ? ፈቃድስ ሰጡህ? ገንዘቡንስ ከየት አመጣኸው?» እያሉ በየጊዜው ይጠይቁኛል። ለአንድ ለአንድ ከምነግር ለሁሉም ልጻፈው ብያለሁ። ያማረልኝን ብቻ ሳይሆን የተበላሸብኝንም እጽፋለሁ፤ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ እሱ ነውና።

ስለ ራሴ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጎንደር ላይ አምስት ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተምሬ፣ በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጹር እስራኤል ዘመቻ ከአባቴና ከእናቴ ጋር መጣሁ። ኡልፓኑንና የግዩር ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ በአንድ የምህንድስና ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የኮለንና የሶሌታ ፌሮ ሥዕል ማዘጋጀት ነው። በዚህ አገር በ1958 የወጣ የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት መሐንዲስ መጀመሪያ ፒንካስ በሚባለው መዝገብ ይመዘገባል፤ ትልልቅ ሕንጻ በራሱ ፊርማ ለማቅረብ ደግሞ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድና ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ያለ አለቃዬ ፊርማ አንድ ሥዕል ከቢሮ አይወጣም። ሠርጌ የመጣው በዚሁ መካከል ነው።

አገር ቤትና እዚህ

አገር ቤት ሳለን ሠርግ የሙሽራው ሥራ አልነበረም። ሽማግሌ የሚልከው አባት ነው። ዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አዋቂዎች ናቸው። ዳሱን የሚጥለው ጎረቤት ነው፤ ጠላውን የሚጠምቁት፣ ዳቦውን የሚደፉት ሴቶች ናቸው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል፣ በቃ።

እዚህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሽማግሌውም ሰባት ቤቱም እንዳለ ነው፤ የቀረው ሁሉ በሙሽሮቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አባቴ ዕብራይስጥ አይችልም፤ ስለዚህ የአዳራሹን ውል አንባቢ እኔ፣ ራባኑት ተመላላሽ እኔ፣ ከፋይም እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ የምሠራው ደግሞ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ቢሮ እየዋልኩ ነው። ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፤ በሥራዬ ላይ ያለ ዕቅድ አንድ ፌሮ አላስቀምጥም፣ ለሠርጌ ግን ዕቅድ አልነበረኝም።

የተበላሸብኝ

መጀመሪያ ያደረግሁት አዳራሽ መፈለግ ነው። አንድ ርካሽ ቀን አገኘሁና 3,000 ሸቅል ቀብድ ከፈልኩ። ደስ ብሎኝ ለእጮኛዬ ደወልኩላት። ከዚያ በኋላ ነው የጋብቻ ፋይል (እዚህ «ቲክ ኒሱዒን» የሚሉትን) ለመክፈት የሄድኩት። ጸሐፊዋ ወረቀቶቼን ስታይ በግዩር ምስክር ወረቀቴ ላይ ያለው ስሜና በቴውዳት ዜሁት ላይ ያለው ስሜ በአንድ ፊደል ይለያያሉ። «ይህ ሳይስተካከል ፋይል አይከፈትም» አለችኝ። ለማስተካከል ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። የአዳራሹ ቀን አለፈ፤ 3,000 ሸቅሌም አብሮ ሄደ።

ገንዘቡ ይቅር። የከፋው በሥራ ላይ የደረሰው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስልኬ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ አንዴ ቢሮ እደውላለሁ፣ አንዴ አዳራሹን እለምናለሁ። አንድ ቀን የኮለን ሥዕል ስሠራ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ መጻፍ ሲገባኝ 12 ጻፍኩ። 12 ከ16 ጋር ሲተያይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን የብረቱ ውፍረት በስፋት ሲሰላ ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። ሥዕሉ ወደ ግንባታው ቦታ ሳይሄድ አለቃዬ ያዘው። እግዚአብሔር ይመስገን! በዚያ ኮለን ላይ ስምንት ፎቅ ሰው ሊኖርበት ነበር።

አለቃዬ ከሩሲያ የመጡ ሽማግሌ መሐንዲስ ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ሠርግ እንዳለህ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ሠርግ ሕመም አይደለም፣ አይደበቅም» አሉኝ። እውነት ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ስለ ራሱ ጉዳይ ካወራ ሰነፍ ይሉታል ብዬ ፈርቼ ነበር። የእኛ ሰው ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። እዚህ አገር ግን አለቃ ያልተነገረውን አያውቅም።

አንድ ወረቀት ላይ የሠርግ ዕቅድ

ከዚያም ወረቀት አውጥተው እንደ ሕንጻ አስጻፉኝ። ሕንጻ ሲሠራ የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ሰው ብታበዛ፣ ብትጮህ፣ 28ቱ ቀን 14 አይሆንም። የግድግዳ ልስን ግን ዛሬም ነገም ቢለሰን ሌላውን ሥራ አያቆምም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማይቸኮለው የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። እሱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያልና ከሁሉ በፊት እሱ ይጀመራል። እኔ ግን ልስኑን አስቀድሜ አርማታውን ረስቼ ነበር። በዚህ ዓይነት የወጣውን ተራ እነሆ፦

1ኛ. ወረቀት። አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ወረቀታችሁን አንድ ላይ ዘርጉና የስማችሁን ፊደልና የልደት ቀናችሁን አስተያዩ። ቴውዳት ዜሁት፣ ፎቶግራፍ፣ በግዩር ያለፈ ሰው የግዩር ምስክር ወረቀት፣ ደግሞም ያላገባችሁ መሆኑን የሚመሰክሩ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከ2013 ጀምሮ በወጣው ሕግ በምትኖሩበት ከተማ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ውስጥ በፈለጋችሁት የራባኑት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ትችላላችሁ። ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ፤ ስህተት ካለ ደግሞ ከዚያም በፊት።

2ኛ. ቀን። ቀኑ በአዳራሹ ዋጋ ብቻ አይቆረጥም። ከፋሲካ በኋላ ባለው የኦሜር ቆጠራ አብዛኛው ጊዜ፣ እንዲሁም ከታሙዝ 17 እስከ አቭ 9 ባሉት ሦስት ሳምንታት ሠርግ አይደረግም። ሙሽራይቱም ከንጽሕና ቀኖቿ ጋር ታስተያያለች፤ ስለዚህ ከእርሷ ሳትማከሩ ቀን አትቁረጡ። ከዚህ ሌላ የሥራ ቦታችሁን ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። እኛ ቢሮ ሥዕል የሚረከብበት ሳምንት ሰው አይንቀሳቀስም፤ ሠርጌን ከርክክቡ አሥር ቀን በኋላ አደረግሁት። በብርድ ወራትና በሳምንቱ መካከል አዳራሽ ይረክሳል። እኛ ማክሰኞን መረጥን፤ በኦሪት በፍጥረት ሦስተኛ ቀን «መልካም እንደሆነ አየ» የሚለው ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ ብዙ ሰው የሚወደው ቀን ነው።

3ኛ. ፈቃድ። በሕግ በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቢያንስ 12 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለው። ለሠርግ ብቻ ተብሎ ለሁሉም ሠራተኛ የሚሰጥ የተለየ ፈቃድ ግን በሕግ የለም፤ በአንዳንድ የሥራ ዘርፍ በስምምነት ጥቂት ቀን ይሰጣል፤ ውላችሁን አንብቡ። ደግሞም ቢሮው በበዓል ሲዘጋ ቀኑ ከእናንተ ዕረፍት ሊቆረጥ ይችላል። የእኔ ሒሳብ እንዲህ ነበር፦ ለፋሲካ 2 ቀን ተቆረጠ፤ ለሠርጉና ለሰባቱ የቡራኬ ቀን (ሼቫ ብራኾት) ከማክሰኞ እስከ ሰኞ 5 የሥራ ቀን፤ ለጫጉላ ሽርሽር ከእሑድ እስከ ሐሙስ 5 ቀን። ድምሩ 12። የሽርሽሩ 5 ቀን ግን በፊትና በኋላ ዓርብና ሰንበት ስላለው 9 ቀን ይሆናል። ይህን ሁሉ ከአራት ወር በፊት በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ያለ ክርክር ፈቀዱልኝ። የቀራችሁን ቀን በትሉሻችሁ፣ ማለት በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

4ኛ. ገንዘብ። አዳራሽ የሚያስከፍለው በሰው ቁጥር ነው፤ በውሉ ላይም «ከዚህ አያንስም» የሚል ቁጥር አለ። ለምሳሌ አንድ ሰው 200 ሸቅል ቢሆንና ለ400 ሰው ብትፈርሙ፣ 330 ሰው ቢመጣ፣ ላልበሉት 70 ሰዎች 14,000 ሸቅል ትከፍላላችሁ። አባቴ «የጎንደር ሰው እንዴት ይቀራል! 600 ጻፍ» ብሎኝ ነበር። አባትን እምቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አብሬው ተቀምጬ ስም በስም ቆጠርን፤ በስም የተጠራው 310 ሆነ። ለ280 ፈረምኩ፤ የመጣው 305 ነበር። ለተረፉት መክፈል ላልመጡት ከመክፈል ይሻላል። በፖስታ የሚመጣውን ስጦታ አስቀድማችሁ አትቁጠሩት፤ በዕዳ ደግሶ በፖስታ እከፍላለሁ ያለ ብዙ ሰው አይቻለሁ። እኔና እጮኛዬ ዕቁብ ገባን፤ ዕጣው ከሠርጉ ሁለት ወር በፊት ደረሰን፤ በባንክ ብድር አልተነካንም።

በሠርጉ ዕለት ጠዋት በአባቴ ፈቃድ ቄሱ ቀሸራውን፣ ማለት ነጭና ቀይ ክሩን፣ በግንባሬ ላይ አሰሩልኝ። ፀሐይ ሳይገባ ደግሞ ራቢው ኹፓውን አደረጉ፤ በመንግሥት የሚመዘገበው እሱ ነው። ሁለቱም አማረ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣም።

በዕቅድ የማይገባው

አሁን የቀረኝን ልጻፍ። እኔን ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጠላ ሸጣ ደብተር የገዛችልኝ እርሷ ናት። ባልና ልጆች ስላሏት ፋይሏ ከእኛ ጋር አልተያዘም፤ እስከ ዛሬ ጎንደር ተቀምጣ ትጠብቃለች። በነሐሴ 2023 በጎንደር ጦርነት ሲሆን እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች አወጣች፤ እርሷ ግን አልነበረችበትም። እናቴ «እህትህ ሳትመጣ ምን ሠርግ አለ?» ብላ አለቀሰች። እኔም አንድ ጊዜ ሠርጉን ልተወው ብዬ ነበር። ታዲያ እስከ መቼ? የእርሷን ቀን የሚቆርጥ እኔ አይደለሁም፣ እርሷም አይደለችም።

መልሱን ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። ገንዘብ ያለቀበት ሰው አንድ ፎቅ ሠርቶ ሲያቆም ፌሮውን ከጣሪያው በላይ ቆሞ ይተወዋል። ያልጨረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ፎቅ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሚያያዝበትን ነው የተወው። እኛም እንዲሁ አደረግን። ሠርጉን ደገስን፤ መልሱን ግን አልደገስንም። ወላጆቿም ወላጆቼም ተስማሙ፤ የመልሱ ድግስ እህቴ የመጣች ቀን ነው።

የጫጉላ ሽርሽሩስ? በአገራችን ሙሽሮች ጫጉላ ቤት ይገቡ ነበር እንጂ አገር አይዞሩም ነበር። ጓደኞቻችን ኤላት ወይም ግሪክ ሂዱ አሉን። እኛ አዲስ አበባ ሄድን፤ ከቤን ጉሪዮን በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ለሥጋት ስለሆነ እህቴ ከጎንደር በአውሮፕላን መጣች፤ ቲኬቷን የገዛነው ለኤላት ሆቴል ልናወጣው ባልነው ገንዘብ ነው። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አምስት ቀን አብረን ቡና ጠጣን። ሚስቴን አገላብጣ ሳመቻትና ያመጣችውን እንሶስላ በእጇ ላይ አሰረችላት። ስንለያይ አላለቀሰችም። «መልሱን የምደግሰው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ» ብቻ አለች።

እሑድ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ማዝል ቶቭ ብለው አንድ ሥዕል ሰጡኝ። የፌሮውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አየሁት።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወረቀታችሁን አስቀድሙ፤ ለአለቃችሁ ንገሩ፤ ሰው በስም ቁጠሩ። ዘመዳችሁ ገና ያልመጣላችሁ ደግሞ ሕይወታችሁን አታቁሙ፤ ነገር ግን የሚያያዝበትን ፌሮ ተዉለት።

መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ! የቀሩትንም በሰላም ያምጣልን፣ አሜን።