ወረንጦ የማይተካው ሕክምና

ወረንጦ በኢትዮጵያ ገጠሮች በአንገት ማተብ ላይ ወይም በመቀነት ጫፍ ታስራ የምትገኝ፣ እሾህ ለመንቀል የምታገለግል አነስተኛ መሣሪያ ናት። ትራኮማ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ግን ወረንጦ ሌላም ሥራ አላት። የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይናቸውን የሚወጋቸው ሰዎች በየጥቂት ሳምንቱ ፀጉሩን እየነቀሉ ሥቃያቸውን የሚያስታግሱት በዚህችው መሣሪያ ነው።

ይህ ልማድ ምን ያህል ይጠቅማል? ከየት ላይስ መቆም አለበት? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ በኢትዮጵያ ውስጥ የተካሄዱ ጥናቶች ጠቃሚ መልስ ሰጥተዋል። መልሱም ከታማሚው አልፎ በገጠር ታማሚ ወላጅ ላለው የመንግሥት ሠራተኛና የጤና አገልግሎትን በየደረጃው ለሚመሩ ኃላፊዎች ጭምር የሚበጅ ነው።

በሕክምናው አጠራር ትሪኪያሲስ በመባል የሚታወቀው ይህ ችግር መነሻው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካኝነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በሽታው በአብዛኛው የሚይዘው ሕፃናትን ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ይዞ ቢለቅ የከፋ ጉዳት አያደርስም። ጉዳቱ የሚከተለው ልጁ በተደጋጋሚ ሲያዝ ነው። በእያንዳንዱ ሕመም የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል እየቆሰለ ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። በዚህን ጊዜ ዓይንን ከአቧራ ለመጠበቅ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ራሱ የዓይንን የፊት ክፍል መፈግፈግ ይጀምራል።

ኮርኒያ የተባለው የዓይን የፊት ክፍል ግልጽ እንደ መስታወት ሲሆን ብርሃንን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ሲፈገፍገው ይቆስላል፣ ቁስሉም ለሌላ ሕመም ይጋለጣል። በመጨረሻም ነጭ ጠባሳ ያወጣና ብርሃን እንዳያልፍ ይከለክላል። በዚህ መንገድ የጠፋን ብርሃን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህም ሕክምናው ሁሉ የሚያተኩረው ጠባሳው ከመውጣቱ በፊት በመድረስ ላይ ነው።

ችግሩ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ሕፃናትን የሚያቅፉትና የሚያጥቡት በአብዛኛው እናቶችና ታላላቅ እህቶች በመሆናቸው፣ በሽታው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጋግሞ ይይዛቸዋል። በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የዓይነ ሥውርነት፣ የዕይታ መድከምና የትራኮማ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል 3.1 በመቶ የሚሆኑት ትሪኪያሲስ ተገኝቶባቸው ነበር። በዚያው ጥናት ትራኮማ ከዓይን ሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው የዓይነ ሥውርነት መንስዔ መሆኑ ተረጋግጧል።

ከዚህ ችግር ጋር የሚኖር ሰው የሚደርስበት ጉዳት የሚጀምረው ብርሃኑን ሲያጣ አይደለም። ዓይኑ ያለማቋረጥ ያነባል፣ የምድጃ ጭስ ያቃጥለዋል፣ የቀን ፀሐይ ያስጨንቀዋል። በአጨዳና በአረም ወቅት ደጅ መዋል፣ በምሽት ጥጥ መፍተልና እህል መልቀም ይከብዳል። በአማራ ክልል የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ዕይታቸው ገና ያልተጎዳ የትሪኪያሲስ ሕሙማን እንኳ ሕመሙ ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ያነሰ የኑሮ ደኅንነት አላቸው። ቀዶ ሕክምና ካገኙ በኋላ ግን፣ ዕይታቸው ባይሻሻልም፣ ኑሯቸው ይሻሻላል። ሥቃዩ በራሱ ከባድ ሸክም መሆኑን ይህ ያሳያል።

ወረንጦ የምታስታግሰው ይህንኑ ሥቃይ ነው። ፀጉሩ ሲነቀል ዓይኑ ወዲያው ዕረፍት ያገኛል። ይሁን እንጂ የቆቡ ጠባሳ ባለበት ስለሚቆይ የተነቀለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ የሚበቅለውም ወደ ዓይን አቅጣጫ ነው። በመሆኑም መንቀል ሕመሙን አያድንም፤ የሚያስገኘው ጊዜ ነው።

የዚህ ጊዜ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ በአማራ ክልል 1 ሺህ 300 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ተሳታፊዎቹ ዓይናቸውን የሚነካው ፀጉር ከስድስት ያነሰ፣ ማለትም ሕመማቸው ቀላል የሚባል ነበር። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ጥራት ያለው ወረንጦ ተሰጥቷቸው አነቃቀሉን በቅርብ አጥርቶ ከሚያይ ረዳት ጋር እንዲማሩ ተደረገ። ከሁለት ዓመት ክትትል በኋላ በዕይታም ሆነ በኮርኒያ ጠባሳ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል ሕመሙ የከፋባቸው ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ሰዎች ከነቃዮቹ ከ100 ውስጥ 13 ያህሉ ሲሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና ካገኙት ግን 2 ያህል ብቻ ናቸው።

ከውጤቱ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። የመጀመሪያው፣ ሕመሙ ቀላል የሆነ ሰው ቀዶ ሕክምና እስኪያገኝ ድረስ ወይም ቀዶ ሕክምናውን ካልፈለገ በአግባቡ መንቀል ዓይኑን ሊጠብቅለት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ የሚሆነው ጥሩ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ረዳትና ተከታታይ ምርመራ ሲኖር መሆኑ ነው። አንጥረኛ በሠራት፣ ጫፏ በማይገጥም ወረንጦ በጨለማ ጎጆ ውስጥ የሚደረገው መንቀል ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

በአግባቡ መንቀል ማለት ምን እንደሆነ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው። ነቃዩ ከታማሚው ሌላ፣ በቅርብ አጥርቶ የሚያይ ሰው ሊሆን ይገባል። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ወረንጦዋም ፈልታ ወይም በሚገባ ታጥባ መድረቅ አለባት። ሥራው በቀን ብርሃን፣ ታማሚው በተመቻቸ ሁኔታ ተቀምጦ ይከናወናል። የሚነቀለው ዓይንን የሚነካው ፀጉር ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ተይዞ ወደበቀለበት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይሳባል። መሐል ላይ ተይዞ የተበጠሰ ፀጉር አጭርና ሹል ጉቶ ስለሚተው ከመጀመሪያው ይበልጥ ይወጋል። በምላጭ ወይም በመቀስ መቁረጥም በተመሳሳይ ምክንያት ጎጂ ነው። አንዲትን ወረንጦ ሳያጸዱ ለብዙ ሰው መጠቀም ደግሞ ሕመም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከዚህም በተጨማሪ በዓይን ላይ የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ የዓይን ጠብታ መጠቀም ወይም ከጎረቤት ጠብታ መዋስ ሊወገዱ ይገባል። አንዳንዶቹ ጠብታዎች መቅላቱን ለጊዜው አጥፍተው ቁስሉን ሊያባብሱት ይችላሉ። ድንገተኛ ብርቱ ሕመም፣ የዕይታ መቀነስ፣ መግል ወይም በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ የሚታይ ነጭ ነጥብ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የወረንጦ መሆኑ ያበቃል። ታማሚው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ቆቡ ብቻ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲመለስ ተደርጎ ይሰፋል፤ የዓይን ኳሱ አይነካም። ሕመምተኛው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ይህን አገልግሎት በጤና ጣቢያ የሚሰጡት በአብዛኛው ለዚሁ ተግባር ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ናቸው።

ይሁንና ቀዶ ሕክምናውም የመጨረሻ ምዕራፍ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በአማራ ክልል 1 ሺህ ሰዎች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጽሮ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው በአንደኛው ዘዴ ከ100 ሰዎች 13 ያህል፣ በሌላው ደግሞ 22 ያህል ነበሩ። ቀደም ሲል በደቡብ ኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ ጥናት በበኩሉ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚወሰድ አዚትሮማይሲን የመመለሱን መጠን በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንሰው አሳይቷል። የዘዴው ምርጫ፣ መድኃኒቱና የባለሙያው ብቃት ልዩነት ያመጣሉ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በማግሥቱ፣ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜና እንደገና ከ3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ሊታይ ይገባል። የመጨረሻው ምርመራ በተለይ ትኩረት ይሻል። ስፌቱ ወጥቶ፣ ሥቃዩ ቆሞ፣ ዘመቻውም ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሮ ሳለ ፀጉሩ መመለስ የሚጀምረው በዚህ ወቅት ሊሆን ይችላልና። ክትትል ያላገኘ ሰው ቀዶ ሕክምናው እንደከሸፈ ቆጥሮ ወደ ወረንጦው ይመለሳል፤ ለጎረቤቶቹም ይህንኑ ይናገራል። የአንድ ሰው ቅሬታ ሌሎች ብዙዎችን ከአገልግሎቱ ሊያርቅ ይችላል።

ሕሙማን ለምን ወደ ቀዶ ሕክምና እንደማይመጡ ሲጠየቅም የሚገኘው መልስ ግድየለሽነት አይደለም። ቀዶ ሕክምናን መፍራት፣ የጤና ተቋሙ ርቀት፣ የሚያጅብ ሰው ማጣት፣ ልጆችንና ከብቶችን የሚጠብቅ አለመኖርና የሥራ ወቅት መደራረብ በተደጋጋሚ የሚነሱ ምክንያቶች ናቸው። መንቀል ስለሚያስታግሳቸው የሚበቃቸው የሚመስላቸውም አሉ። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ በአስተዳደራዊ ውሳኔ ሊቃለሉ የሚችሉ ናቸው። አገልግሎቱ ከአጨዳና ከአውድማ ሥራ ውጪ ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ማድረግ፣ ወደ ቀበሌዎች ማቅረብና ቀደም ሲል በሚገባ የታከሙ ሰዎች ለጎረቤቶቻቸው እንዲመሰክሩ ማበረታታት ይቻላል።

ለኃላፊዎች ሌላው ቁም ነገር የመለኪያው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም የጤና ድርጅት አስተባባሪነት የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ጥምረት ትራኮማን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ እስከ 2020 ለማስወገድ ግብ ጥሎ ነበር። በኋላም ግቡ ወደ 2030 ተሸጋግሯል። ኦማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና ደግሞ በ2018 ይህን ደረጃ ማሳካታቸው ተረጋግጦላቸዋል።

ከመመዘኛዎቹ አንዱ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ለጤና ሥርዓቱ ያልታወቁ የትሪኪያሲስ ሕሙማን ከ0.2 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። "ለጤና ሥርዓቱ ያልታወቁ" የሚለው አነጋገር በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ግቡ ሲሳካም ሕመሙ የተመለሰባቸው፣ ቀዶ ሕክምና ያልፈለጉና ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይኖራሉ። የሚጠበቀው እነዚህ ሰዎች በስም ታውቀው፣ ተመዝግበውና እየታዩ መኖራቸው ነው። በልጅነታቸው ጠባሳ ያወጡ ሰዎች በመጪዎቹ ዓመታትም አዲስ ሕሙማን ሊሆኑ ስለሚችሉ አገልግሎቱ ከዘመቻው በኋላም መቀጠል ይኖርበታል።

ከዚህ አንጻር የተሠሩ ቀዶ ሕክምናዎችን ብዛት ብቻ የያዘ ሪፖርት ግማሹን እውነት የሚናገር ነው። ስንት ሰው ለክትትል ተመለሰ? በስንቱ ላይ ሕመሙ ተመለሰ? ስንቱ አልታከምም አለ? እነርሱስ ንጹሕ ወረንጦና የሠለጠነ ረዳት አላቸው ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ የወረዳ ግምገማ ላይ ቢነሱ ሥራው የት እንደደረሰ በትክክል ለማወቅ ይረዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በሚያደርጉት ጉብኝት የሚሰበስቡት መረጃ ለዚህ ዋነኛ መነሻ ነው።

ሴፍ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የትራኮማ መከላከያ ስልት ከቀዶ ሕክምና በተጨማሪ የአንቲባዮቲክ ዕደላን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ንጽሕናን ያካትታል። በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ስለምትራባ መጸዳጃ ቤት መሥራትም የዓይን ጤና ሥራ ነው። ዛሬ ፊቱ በንጹሕ ውኃ የሚታጠብ ሕፃን ከ30 ዓመት በኋላ ወረንጦ ሳያስፈልገው ሊኖር ይችላል። በመሆኑም የውኃ፣ የትምህርትና የጤና መሥሪያ ቤቶች በጋራ ማቀዳቸው አስፈላጊ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው እንደ ቤተሰብ አባል ሊያደርገው የሚችለውም ቀላል አይደለም። ለበዓል ወይም ለዓመት ዕረፍት ወደ ትውልድ ቀዬው ሲሄድ የእናቱን፣ የአያቱን ወይም የአክስቱን ዓይን በቀን ብርሃን ቀረብ ብሎ ቢመለከት፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ መታጠፉን ወይም ተነቅሎ ማለቁን ሊያስተውል ይችላል። የተነቀለ ሽፋሽፍትም የሕመሙ ምልክት እንጂ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥመው ታማሚዋን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ፍርሃታቸውን በትዕግሥት ማዳመጥና ከታከሙ በኋላ የቀጠሮ ቀናቸው እንዳይታለፍ ከቤተሰቡ ጋር መመካከር ይጠበቅበታል። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ጫፏ በትክክል የምትገጥም ወረንጦ ገዝቶ ማድረስና ከቤተሰቡ ዓይኑ የሚያይለት አንድ ሰው አነቃቀሉን ከባለሙያ እንዲማር ማድረግ ዓይናቸውን ሊያቆይላቸው ይችላል።